ስም የሰጡት ከዋክብት ለስማቸው ይመሰክራሉን?
ስለ ወጣት ከዋክብት ብርሃን መለዋወጥ የቀረበ ሒስ

ስለ ከዋክብት በምንማርባቸው መጻሕፍት ውስጥ አንድ አጭር አባባል ደጋግሞ ይገኛል። ይኸውም ወጣት ከዋክብት ገና ስላልረጉ ብርሃናቸው ይለዋወጣል የሚለው ነው። በክፍል ውስጥ ስንጠየቅም ይህንኑ መልሰን እንቀመጣለን፤ መልሱም እንደ በቂ ይቈጠርልናል። እኛ ይህን አባባል መርምረን ሐሰት ሆኖ አላገኘነውም፤ ነገር ግን ምንም ያህል የማያስረዳ ሆኖ አግኝተነዋል። ሕፃን ልጅ ያለቅሳል ማለት እውነት ነው፤ ሆኖም ልጇ ያለቀሰው ተርቦ ይሁን፣ ታሞ ይሁን ወይም እንቅልፍ መጥቶበት ይሁን ያልለየች እናት ገና ልጇን አላወቀችም። ስለ ወጣት ከዋክብት የምንሰጠው መልስም እንደዚሁ ልቅሶውን እንጂ የልቅሶውን ምክንያት አይነግረንም።

በዚህ ጽሑፍ ልንከራከርበት የተነሣነው ነገር አንድ ነው። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ወጣት ተለዋዋጭ ከዋክብትን በየመደቡ ሲከፍሉ ለየመደቡ አንድ ኮከብ አውራ አድርገው ስሙን ሰጥተውታል። እኛ ግን ሦስቱን ዋና ዋና አውራዎች ብንመረምር አንዱም ለተሰየመለት መደብ ሙሉ ምስክር ሆኖ አይገኝም እንላለን። ጥፋቱም የሊቃውንቱ ትጋት ማነስ ሳይሆን የመዝገቡ ማጠር ነው። ይህም ከሆነ መድኃኒቱ አዲስ ስም ማውጣት ሳይሆን ረጅምና ያልተቋረጠ መዝገብ መያዝ ነው፤ ለዚህም ሥራ የአዊ ሰማይ ሊናቅ የማይገባው ሰማይ መሆኑን በመጨረሻ እናሳያለን። ከወራችን ስም ጋር ካልተጠቀሱ በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩. ነገሩ በመሠረቱ ምንድን ነው?

ኮከብ የሚወለደው ቀዝቃዛ የጋዝና የአቧራ ደመና በራሱ ክብደት ወደ ውስጥ ሲሰበሰብ ነው። የሚሰበሰበው ጋዝ ግን ሁሉ በቀጥታ ወደ መካከል አይወርድም። ደመናው አስቀድሞ ጥቂት ይዞር ስለ ነበር ሲጠብብ አዟዟሩ ይፈጥናል፤ ከዚህም የተነሣ ብዙው ጋዝ እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ ሆኖ በኮከቡ ዙሪያ ይዞራል። ይህን የዘመኑ ሊቃውንት ዲስክ ይሉታል። ፕላኔቶችም የሚሠሩት ከዚሁ ሰፌድ ውስጥ ነው። የሰፌዱ ውስጠኛ ጠርዝ ኮከቡን አይነካም፤ የኮከቡ መግነጢሳዊ ኃይል እመንገድ ላይ ይይዘውና ጋዙን እንደ አሸንዳ ውኃ እየመራ ወደ ኮከቡ ገጽ ያፈስሰዋል። ጋዙ በታላቅ ፍጥነት ወርዶ ሲመታ የወደቀበት ስፍራ ይግልና ከቀረው የኮከቡ ገጽ ይልቅ ያበራል።

ከዚህ አሠራር የብርሃን መለዋወጥ ቢያንስ በአራት መንገድ ይመጣል። አንደኛ፣ በኮከቡ ገጽ ላይ ያሉት ቀዝቃዛና ሙቅ ነጠብጣቦች ኮከቡ ሲዞር ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ ይህ ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ባለ ጊዜ ይደጋገማል። ሁለተኛ፣ የሚወርደው ጋዝ አንድ ጊዜ ሲበዛ አንድ ጊዜ ሲያንስ ኮከቡ በሰዓቶችና በቀኖች ውስጥ ቦግ ይላል፣ ይከስማል። ሦስተኛ፣ ከሰፌዱ የተነሣ አቧራ በኛና በኮከቡ መካከል ሲገባ ብርሃኑ ይጋረዳል፤ መጋረጃው ለሁለት ቀን ወይም ለብዙ ዓመት ሊቈይ ይችላል። አራተኛ፣ በሰፌዱ ውስጥ የተጠራቀመው ጋዝ በአንድ ጊዜ ሲናድ ኮከቡ በመቶ እጥፍ ደምቆ ለዐሥርታት ሊቈይ ይችላል። እንግዲህ ተለዋወጠ የሚለው አንድ ቃል ከሰዓት እስከ መቶ ዓመት ያለውን ዘመንና አራት የተለያዩ ምክንያቶችን ተሸክሟል ማለት ነው።

አንባቢያችን ቍጥሩን እንዲከተል አንድ ነገር እናስታውስ። የከዋክብት ድምቀት የሚለካው በደረጃ ነው፤ የደረጃው ቍጥር ሲያንስ ኮከቡ ይደምቃል፣ ሲበዛ ይደበዝዛል። የ5 ደረጃ ልዩነት 100 እጥፍ ነው። ያለ መሣሪያ ዐይናችን የሚያየው እስከ 6ኛው ደረጃ ገደማ ብቻ ነው።

፪. ቲ ታውሪ፦ መለዋወጡን የተወ አውራ

እንግሊዛዊው ጆን ራስል ሃይንድ በ1852 ጥቅምት ወር፣ ሠውር በሚባለው የከዋክብት ክፍል ውስጥ፣ አንዲት ደብዛዛ ደመና አገኘ። በአጠገቧም ድምቀቱ የሚለዋወጥ አንድ ኮከብ ነበረ፤ ይህም በኋላ ቲ ታውሪ ተባለ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ሌሎች ሊቃውንት ደመናይቱን ቢፈልጓት ከዐይን ተሰውራ ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተመልሳ ታየች፤ እስከ ዛሬም የሃይንድ ተለዋዋጭ ደመና ትባላለች።

በ1945 በአሜሪካ በማውንት ዊልሰን የከዋክብት መመልከቻ ይሠራ የነበረው አልፍሬድ ጆይ 11 ከዋክብትን አንድ ላይ ሰብስቦ በቲ ታውሪ ስም መደብ አቋቋመላቸው። የመደቡም ምልክቶች ሥርዓት የሌለው የብርሃን መለዋወጥ፣ በብርሃናቸው ትንተና ላይ የሚታዩ ደማቅ መስመሮች፣ እንዲሁም ለጋዝ ደመና ቅርብ መሆናቸው ናቸው። ያን ጊዜ ወጣት መሆናቸው ገና አልታወቀም ነበር። ይህን አጥብቆ የተናገረው አርመናዊው ቪክቶር አምባርትሱሚያን ነው፤ በ1947 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲህ ያሉ ከዋክብት በጭፍራ የሚገኙት በቅርብ ጊዜ አብረው ስለ ተወለዱ ነው ብሎ አስረዳ። ጆይ በጥንቃቄ ያየውን ብቻ ሰበሰበ፤ አምባርትሱሚያን ደግሞ ትርጕም ሰጠው። ሁለቱንም እናደንቃለን።

ነገር ግን አውራ ሆኖ የተመረጠውን ኮከብ እንመልከት። በቀድሞ የፎቶግራፍ መስተዋቶች ላይ የቀረው መዝገብ እንደሚያሳየው ቲ ታውሪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ በብዙ ደረጃ ከፍና ዝቅ ይል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ረጋ፤ ዛሬ በ10ኛው ደረጃ አካባቢ ሆኖ የሚለዋወጠው በጥቂቱ ብቻ ነው። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮም በታሕተ ቀይ ብርሃን በተደረገ ምርመራ በአጠገቡ በዐይን የማይታይ ጓደኛ ተገኘለት፤ ያም ጓደኛ ኋላ ራሱ ሁለት ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሥርዓት በሌለው መለዋወጥ ለሚታወቀው መደብ ስሙን የሰጠው ኮከብ፣ አንደኛ፣ ዛሬ እምብዛም አይለዋወጥም፤ ሁለተኛ፣ ብቻውን አይደለም። ዛሬ ጆይ ተነሥቶ ተለዋዋጭ ከዋክብትን በአንድ ክረምት ብቻ ቢሰበስብ ቲ ታውሪን ከአውራነት ሊተወው ይችል ነበር ብንል ያጋነንን አይመስለንም። በነዚህ ዓመታት ውስጥ ኮከቡ አላረጀም፤ ዕድሜው በሚሊዮን ዓመታት የሚቈጠር ነውና። ያረጀው የኛ አስተያየት ነው።

፫. ኤኤ ታውሪ፦ ሰፌዱ ያልተመቸው አውራ

ሁለተኛው አውራ በዚያው በሠውር ክፍል የሚገኘው ኤኤ ታውሪ ነው። ይህ ኮከብ በ8.2 ቀን አንድ ጊዜ ከአንድ ደረጃ በላይ ጨለም ይል ነበር። በ1999 ዤሮም ቡቪዬና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ማብራሪያ በጣም የተዋበ ነው፦ ሰፌዱን በጠርዙ በኩል እናየዋለን፤ የኮከቡ መግነጢሳዊ ኃይል የሰፌዱን ውስጠኛ ጠርዝ ስለሚያጣምመው፣ የተጣመመው ወገን በዞረ ቍጥር ኮከቡን ይጋርደዋል። ከዚያ በኋላ በየጊዜው ጨለም የሚሉ ከዋክብት ሁሉ የኤኤ ታውሪ ዐይነት ተባሉ።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች ተከተሉ። በ2011 ከ20 ዓመት በላይ ከፍተኛ ድምቀቱን ጠብቆ የቈየው ይህ ኮከብ ወደ 2 ደረጃ ያህል ደበዘዘ፤ ለብዙ ዓመትም እንደ ደበዘዘ ቈየ። ከኮከቡ ራቅ ብሎ በሰፌዱ ውስጥ የሚዞር አቧራ መካከል ገብቶ ይሆናል ተባለ። ሁለተኛው፣ በ2017 በቺሌ የሚገኘው አልማ የተባለው የሬድዮ ቴሌስኮፖች ጭፍራ የሰፌዱን ውጫዊ ክፍል በጥራት አሳየ፤ ዘንበል ያለበትም መጠን 59 ዲግሪ ገደማ እንጂ ለማብራሪያው እንደሚመች በጠርዝ በኩል የሚታይ አልነበረም። ስለዚህ ውስጠኛው ክፍል ከውጫዊው ጋር አንድ ገበታ ላይ እንዳልተዘረጋ መገመት ግድ ሆነ። ማብራሪያው አልፈረሰም፤ ነገር ግን አውራው ኮከብ ከማብራሪያው ይልቅ የተወሳሰበ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ስለ አከፋፈሉ ሥርዓት አንድ ቃል እንናገር። በ1994 ዊልያም ኸርብስትና ባልደረቦቹ መለዋወጡን በምክንያቱ፣ ማለትም በቀዝቃዛ ነጠብጣብ፣ በሙቅ ነጠብጣብና በአቧራ መጋረድ ከፍለውት ነበር። ኮሮ የተባለው በፈረንሳይ መሪነት የተላከ የሕዋ ቴሌስኮፕ በ2008 ለ23 ቀን፣ በ2011 ደግሞ ለ40 ቀን ያህል አንድ የወጣት ከዋክብት ጭፍራን ያለ ማቋረጥ ተመለከተ። ከዚህም በኋላ በ2014 አን ማሪ ኮዲና ባልደረቦቿ የብርሃኑን መስመር በሁለት ቍጥሮች ለኩት፤ አንዱ ምን ያህል እንደሚደጋገም፣ ሌላው ወደ ድምቀት ወይስ ወደ ጨለማ እንደሚያደላ ይናገራል። በዚህ መሠረት ቦግ የሚሉት፣ ጨለም የሚሉትና የቀሩትም ተለዩ።

የዚህ ሥራ ትክክለኛነት አያጠራጥርም፤ ዐይን የሚያዳላበትን ነገር በቍጥር ስላስተካከለው ታላቅ ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም ቍጥሮቹ የሚናገሩት ስለ ኮከቡ ሳይሆን ስለ ታየባቸው ቀኖች ነው። በሁለቱ ዘመኖች ከታዩት ከዋክብት ውስጥ በ2008 በሥርዓት ጨለም ሲሉ የነበሩ በ2011 ያለ ሥርዓት ጨለም ሲሉ የተገኙ አሉ። አንድን ሰው በሠርግ ቤት አይተን ዘፋኝ፣ በለቅሶ ቤት አይተን አልቃሽ ብንለው ስለ ቀኑ እንጂ ስለ ሰውዬው አልተናገርንም። የመደብ ስም ጠባይን የሚያመለክት መስሎ ሳለ የአንድን ወር ሁኔታ ብቻ ሲያመለክት፣ እኛ ተማሪዎች ስሙን አጥንተን ኮከቡን እንስታለን።

፬. ኤፍዩ ኦሪዮኒስ፦ አንድ ብቻ ሆኖ የቈየ አውራ

ሦስተኛው አውራ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። በ1936 እና በ1937 መካከል በኦሪዮን አንድ 16ኛ ደረጃ አካባቢ የነበረ ደብዛዛ ኮከብ ወደ 10ኛው ደረጃ አካባቢ ወጣ፤ ይኸውም 250 እጥፍ ያህል ደመቀ ማለት ነው። በሐምቡርግ አጠገብ በቤርገዶርፍ መመልከቻ ይሠራ የነበረው አርኑልፍ ቫክማን በ1939 ስለሱ ጻፈ። ሌሎች ፈንድተው የሚደምቁ ከዋክብት በወራት ውስጥ ሲጠፉ ይህ ግን አልጠፋም፤ ከ85 ዓመት በላይ ቈይቶ ዛሬም በትንሽ ቴሌስኮፕ ይታያል፤ የሚደበዝዘውም እጅግ በዝግታ ነው።

ለ30 ዓመት ያህል ይህ ኮከብ ብቸኛ ስለ ነበረ ምን እንደ ሆነ በርግጥ ለመናገር አልተቻለም። በ1969 ቪ1057 ሲግኒ የተባለው ኮከብ እንዲሁ ሲደምቅ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከመድመቁ በፊት የብርሃን ትንተናው አስቀድሞ ተነሥቶ ስለ ነበር፣ የቀድሞ ጠባዩ የቲ ታውሪ ከዋክብት ጠባይ መሆኑ ታወቀ። አስተውሉ፤ ያ የቀድሞ መዝገብ የተያዘው ኮከቡ ይደምቃል ተብሎ አልነበረም። የማይጠቅም ይመስል የነበረ ሥራ ከዓመታት በኋላ ቍልፍ ሆነ። በ1985 ሊ ሃርትማንና ስኮት ኬንየን የሚያበራው ኮከቡ ራሱ ሳይሆን በብዛት ወደ ውስጥ በሚጎርፍ ጋዝ የጋለው ሰፌድ ነው ብለው አስረዱ፤ ይህም አሳብ ዛሬ በብዙዎች ዘንድ የተቀበለ ነው። ይሁን እንጂ የዚህ አውራ ነገር እንኳ ቀላል አልሆነም። ኋላ ጓደኛ ኮከብ ተገኘለት፤ ያልደመቀው ጓደኛው ከደመቀው ይልቅ ይከብዳል ተብሎ ይገመታል።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር የኢኤክስ ሉፒን ነገር እንጠቅስለታለን። ይህ ኮከብ በ2008 ለወራት ቦግ ብሎ ሳለ ስፒትዘር በተባለው የሕዋ ቴሌስኮፕ ታየ፤ ከመፈንዳቱ በፊት ያልነበሩ የማዕድን ብርጭቅታዎች በሰፌዱ ውስጥ በሙቀቱ ኃይል እንደ ተሠሩ በ2009 ታወጀ። በኛ ፀሐይ ዙሪያ በሚዞሩ ጅራታም ከዋክብት ውስጥ እንዲህ ያሉ ብርጭቅታዎች ይገኛሉ። ስለዚህ የወጣት ኮከብ ቦግታ የአንድ ሌሊት ትርኢት ሳይሆን ምድር የተሠራችበት ጭቃ የተቦካበት እሳት ሊሆን ይችላል።

፭. ታላላቅ መሣሪያዎች ይበቃሉን?

ታላላቆቹ መሣሪያዎች ሁሉን ስለሚያዩ ለኛ የቀረ ነገር የለም የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ ይቀርብልናል። ይህ ክርክር በሁለት ምክንያት ጎዶሎ ነው። በ2018 የተላከው ቴስ የተባለው የሕዋ ቴሌስኮፕ አንድን የሰማይ ክፍል በአንድ ዙር የሚመለከተው ለ27 ቀን ያህል ነው፤ ለሰዓትና ለቀን መለዋወጥ ወደር የለውም፤ ለዓመታትና ለዐሥርታት ግን ብቻውን አይበቃም። የሚለካውም በአንድ ሰፊ የቀለም መስኮት ስለ ሆነ የነጠብጣብን ጨለማ ከአቧራ ጨለማ ለመለየት ሌላ ረዳት ይሻል፤ አቧራ ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ ይልቅ ይከለክላልና ሁለት ቀለም ያልለካ ሰው ምክንያቱን ለመፍረድ ይቸገራል። በ2025 የመጀመሪያ ሥዕሎቹን ያሳየው በቺሌ የሚገኘው የቬራ ሩቢን መመልከቻ ደግሞ ለደብዛዛ ከዋክብት የተሠራ ነው። ቲ ታውሪንና ኤፍዩ ኦሪዮኒስን የመሰሉ የ10ኛ ደረጃ ከዋክብት ለዚያ ታላቅ ዐይን ከመጠን በላይ ደማቆች ስለ ሆኑ መሣሪያው በብርሃናቸው ይጥለቀለቃል። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ ረጅም ታሪክ ያላቸው ወጣት ከዋክብት ለታላቁ መሣሪያ ሳይሆን ለትንሹ ተትተዋል።

የአርደብሊው አውሪጌ ታሪክ ይህን ያረጋግጣል። ይህ የ10ኛ ደረጃ ኮከብ በ2010 መጨረሻ ወደ 2 ደረጃ ያህል ደብዝዞ ለግማሽ ዓመት ገደማ ቈየ፤ ከዚያም በ2014 እንደገና ደበዘዘ። ከበፊቱ የነበሩት የትናንሽ ቴሌስኮፖች የብዙ ዐሥርታት መዝገቦች ባይኖሩ ኖሮ፣ ይህ ለኮከቡ ያልተለመደ ነገር መሆኑን ማን ያውቅ ነበር?

፮. የአዊ ሰማይና የኛ ድርሻ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። እንጅባራ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ2,500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ትገኛለች፤ ዳንግላም ከሷ በስተሰሜን ጥቂት ዝቅ ብላ ናት። ከዚህ የተነሣ ኤፍዩ ኦሪዮኒስ በእንጅባራ ላይ ሲያልፍ ከአናታችን ትክክል የሚርቀው 2 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ቲ ታውሪ በስተሰሜን ከ9 ዲግሪ በታች፣ ኤኤ ታውሪ 14 ዲግሪ ገደማ፣ የኦሪዮን ደመና ደግሞ በስተደቡብ 16 ዲግሪ ያህል ርቀው ያልፋሉ። ቫክማን ኤፍዩ ኦሪዮኒስን ከቤርገዶርፍ ሲመለከት ኮከቡ ከአናቱ ከ44 ዲግሪ ባላነሰ ይርቅ ነበር። ኮከብ ከአናት ትክክል ሲሆን ብርሃኑ የሚያልፍበት አየር እጅግ ቀጭን ስለሚሆን ልኩ ይጠራል። ይህን ያህል ጸጋ ያለ ዋጋ ተሰጥቶናል።

ወራቱም እንደዚሁ ይስማማሉ። የአዊ ክረምት ከባድ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ኮከብ ለማየት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ነገር ግን ሠውርና ኦሪዮን በግንቦትና በሰኔ ከፀሐይ ጋር ስለሚሄዱ ያን ጊዜ ሰማዩ ቢጠራም አይታዩም ነበር። በበጋው፣ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ሌሊቱ ሲጠራ እነሱም ከፍ ብለው ይታያሉ። የአዊ ፈረሰኞች በዓል በሚከበርበት በጥር 23 ምሽት፣ ፈረሶቹ ወደየቤታቸው ከተመለሱ በኋላ፣ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ወደ ላይ ቀና ያለ ሰው ኦሪዮንን ከአናቱ ወደ ደቡብ ጥቂት ዘንበል ብሎ ያገኘዋል።

ጉድለቱንም አንደብቅም። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ዲከረንስ የሚባለው ግራር እየተተከለ ለከሰል ይውላል፤ ለገበሬው መልካም ገቢ ሆኗል፤ ጭሱ ግን በበጋው ጸጥተኛ ምሽት በሸለቆው ላይ ይተኛል። ጭስ ባለበት እንዴት የኮከብ ብርሃን በትክክል ይለካል የሚል ተቃውሞ ቢነሣ ተገቢ ነው። መልሱ ኮከቡን ለብቻው ሳይሆን በአጠገቡ ካሉ የማይለዋወጡ ከዋክብት ጋር በአንድ ሥዕል እያነጻጸሩ መለካት ነው። በእንጅባራ ሜዳ ፈረስ ሲሽቀዳደም ጭቃው ለሁሉም እኩል ነው፤ ስለዚህ የምንፈርደው ፈረስን ከፈረስ ጋር እንጂ ፈረስን ከጭቃው ጋር አይደለም። ጭሱም በአንድ ሥዕል ውስጥ ጎን ለጎን ያሉትን ከዋክብት በእኩል ያደበዝዛቸዋል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ይቀራል። በ20 ሳንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ፣ በኤሌክትሮኒክ ካሜራና በሁለት የቀለም ማጣሪያ የ10ኛና የ11ኛ ደረጃ ኮከብን በመቶኛ ደረጃዎች ልዩነት ለመለካት ይቻላል። ሌሊት ርቆ መሄድ በማይመችበት ጊዜም ሥራው ከግቢ ሳይወጡ ሊሠራ የሚችል ነው።

ስለ አገራችን የሥነ ፈለክ አያያዝም ጥቂት ሒስ እንጨምር። በእንጦጦ ላይ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች መተከላቸው የሚያኰራ ነው፤ ምንም እንኳ የአዲስ አበባ መብራት ቢጋፋቸው። በ2019 ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ወደ ሕዋ ላከች፤ በዚያው ዓመት ለአንድ ኮከብ ቡና፣ ለፕላኔቱም አቦል የሚል ስም እንድትሰጥ ዕድል አገኘች። በነዚህ ሁሉ ደስ ብሎናል። ነገር ግን ስም ማውጣት የአንድ ቀን ደስታ ነው፤ ልጅን ማሳደግ ግን የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ስለ ተተከለውና ስለ ተላከው ብዙ ስንናገር፣ በየሌሊቱ ስለ ተለካው ግን ጥቂት እንናገራለን። አባቶቻችን በባሕረ ሐሳብ የዘመንን ቍጥር ለትውልድ ሲያስተላልፉ፣ የሔኖክም መጽሐፍ የብርሃናት መንገድ የተነገረበት ክፍሉ ጭምር በሙሉ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ ለዓለም ሲደርስ፣ ይህ የሆነው በታላቅ መሣሪያ ሳይሆን በመገልበጥና በመጠበቅ ትዕግሥት ነው። እነሱ በሰማይ የማይናወጠውን ሥርዓት ፈለጉ፤ እኛ የሚለዋወጠውን እንፈልጋለን። ትዕግሥቱ ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

ስለዚህ ለባልንጀሮቻችንና ለመምህራኖቻችን የምናቀርበው አሳብ ትንሽ ነው። በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በዳንግላ ባሉ ትምህርት ቤቶች የሚገኙ ተማሪዎች ሦስት ከዋክብትን ብቻ ይምረጡ፦ ቲ ታውሪን፣ ኤፍዩ ኦሪዮኒስንና አርደብሊው አውሪጌን። ሰማዩ በጠራበት የበጋ ሌሊት ሁሉ በሁለት ቀለም ይለኩ፤ ልኩን ከነስሕተቱ መጠን፣ ከነሰዓቱና ከነማነጻጸሪያው ኮከብ ስም በመዝገብ ያስፍሩ፤ ቅጂውንም ከ1911 ጀምሮ ከዓለም ሁሉ እንዲህ ያለውን ልክ ለሚሰበስበው የአሜሪካ የተለዋዋጭ ከዋክብት ተመልካቾች ማኅበር ይላኩ። አንድ ተማሪ ትምህርቱን ጨርሶ ሲሄድ መዝገቡ ለተከታዩ ይተላለፍ። ከአንድ ዓመት መዝገብ ግኝት አንጠብቅ፤ የአንድ ዓመት መዝገብ ምን ያህል እንደሚያሳስት ሦስቱ አውራዎች አስተምረውናልና።

ይህ አሳብ ተቀባይነት ቢያጣ የሚቀርብን ዝና አይደለም፤ የሚቀረው ጊዜ ነው፤ ያለፈ ሌሊት ደግሞ በገንዘብ አይገዛም። ዛሬ ሌሊት ኤፍዩ ኦሪዮኒስ በእንጅባራ አናት ላይ ሲያልፍ የሚኖረው ድምቀት ዛሬ ካልተጻፈ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ማንም ሊጽፈው አይችልም። ወጣት ከዋክብት ይለዋወጣሉ የሚለውን አባባል ስንሸመድድ ኖረናል፤ ከእንግዲህ መቼ፣ በምን ያህል፣ በምን ቀለም ተለዋወጡ ብሎ የሚጠይቀን መምህር፣ ይህንንም ከገዛ መዝገቡ አውጥቶ የሚመልስ ተማሪ እንመኛለን።